ሁለቱንም መስመር ንቀይ

እናት የልጇን ሞት ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በኋላ እንድትሰማ የሚወስነው ማን ነው? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ቅዳሜ ማለዳ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ፣ መኝታ ቤቴን ከሳሎኑ በሚለየው ኮምፔንሳቶ በኩል አባቴና ጋሽ ኩማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ስሰማ ነው። መልሱን አላውቀውም ነበር። ጋሽ ኩማ የጎረቤታችን የእትዬ ገበያነሽ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከአለታ ወንዶ በመጀመሪያው መኪና መጥቶ፣ የእህቱን በር አልፎ የእኛን በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ኖርዌይ ተምሬ ስመለስ አልረሳሁትም። «አሹ» ሲሉ ሰማሁ። አሹ የሚሉት የእትዬ ገበያነሽን አንድ ልጅ አሸናፊን ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ ሱቅ አለው። ቀጥለው «እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በጥይት» አሉ። ከዚያ የአባቴ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

«መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው» አሉ ጋሽ ኩማ። «ታላቅ ወንድማችን ከሞያሌ እየመጣ ነው፤ ፓስተሩም ይኖራሉ። ደም ግፊት እንዳለባት ያውቃሉ፣ ጋሽ አሰፋ። የሚይዛት ሰው ሳይኖር ከሰማች ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው።»

«ዘመድ ቢደውልላትስ?»

«ዘመድ ሁሉ እንዳይደውል ተነግሮታል። የፈራሁት ያንን ፌስቡክ ነው። የደርባን ልጆች ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፈውታል። ያንን ሁለቱን ቤት የሚያገናኘውን ነገር ያስገባችው ልጅዎ ናት አሉ። ታጥፋው።»

«ትሰማሃለች» አለ አባቴ። ከዚያ ፊቱን ወደ ኮምፔንሳቶው አዙሮ መሰለኝ ድምፁ ቀረበኝ። «ሮማን፣ ሰምተሻል አይደል? ሁለቱንም መስመር ንቀይ።»

ጋሽ ኩማ «ያ ነገር» ያሉት ሳሎናችን ውስጥ ቡፌው ላይ፣ በእናቴ በሙሉጌጥ ፎቶግራፍና በሬዲዮው መካከል የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን ነው። ከኖርዌይ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ በሹራብ ጠቅልዬ ያመጣሁት ነው። ያኔ እኛም እትዬ ገበያነሽም የየራሳችን የስልክ መስመርና በየራሱ የሚያነክስ ኢንተርኔት ነበረን። ዝናብ ሲጥል የእኛ ይጠፋል፣ ነፋስ ሲነፍስ የእሳቸው፤ ደህና ቀን ደግሞ ሁለታችንም በስልክ የምናየው ሰው ንግግር መሀል ላይ አፉን እንደከፈተ ይደርቃል። የእሳቸውን ገመድ አይጥ እንዳይበላው በውኃ ጎማ ውስጥ አስገብቼ በአጥሩ ላይ አሳለፍኩና ሁለቱን መስመር እዚህ ሳጥን ውስጥ አጋጠምኳቸው። አባቴ ዕድሜውን ሒሳብ ያስተማረ ሰው ስለሆነ «ሁለት አንካሳ ተደጋግፎ አይሮጥም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አልሮጡም። ግን አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይሸከመው ጀመር፤ ሁለቱም ቤት ሳይቋረጥ ማውራት ቻለ። ከተመለስኩ ወዲህ የሠራሁት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር። ቢሮዎች «እንጠራሻለን» ብለው አልጠሩኝም፤ እኔም ብጠራ ደስ ይለኝ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። እንደገና ልሂድ ወይስ ልቆይ ብዬ ሳስብ የሳጥኑን አረንጓዴ መብራቶች አይና ቢያንስ ይህ ይሠራል እላለሁ።

አሁን ደግሞ መሥራቱ ነበር ጣጣው። የእትዬ ገበያነሽን ገመድ ብቻ ብነቅል የእኛ መስመር ለሁለቱም ይበቃል፤ እሱን ብነቅል የእሳቸው ይተካዋል። ሳጥኑን ከእሳቸው ቤት ለይቼ እኛን ብቻ ባስቀር ደግሞ ስልካቸውን ይዘው መጥተው ቡፌው አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ጋ ኮኔክሽኑ ይበረታል ብለው ያምናሉ። ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወዲህ በሞባይል የሚገባው ኢንተርኔት ስለተዘጋ ከልጃቸው ጋር የሚያገናኛቸው ይኸው ሳጥን ብቻ ነበር። አንዲት ሴት እንዳታይ ሁለት ቤት መጨለም ነበረበት።

ከመንቀሌ በፊት ስልኬን ከፈትኩና አየሁት። አሸናፊ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከጀርባው የብስኩትና የሳሙና መደርደሪያ፣ ፎቶው ጥግ ላይ አንድ ሰው የለጠፈው ሻማ። ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች ያስቀመጡት የሚያለቅስ ፊት እስከ ታች ድረስ ይወርዳል። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። አባቴ እስከ አርባዋ ድረስ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል» እያለኝ ቆየ። በመጨረሻ የነገረኝ ሰው የለም። የአክስቴ ልጅ የለጠፈችውን የአርባዋን ፎቶ በተማሪዎች ማብሰያ ቤት ፓስታ እያማሰልኩ አየሁት። አብሮኝ የነበረው ልጅ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ትከሻዬን ነካ አደረገ፣ ምድጃውን አጠፋልኝና ወጣ። ከተመለስኩ ወዲህ እኔና አባቴ ይህን አንሥተን አናውቅም፤ ፎቶግራፏን በየተራ እንወለውላለን፣ በቃ። ስለዚህ መደበቁንም አውቀዋለሁ፣ ብቻን ሆኖ መስማቱንም አውቀዋለሁ፤ የትኛው እንደሚከፋ ግን አላውቅም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እጄን ያያል። ሁለቱንም ነቀልኩ። መብራቶቹ ተራ በተራ ጠፉ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል እትዬ ገበያነሽ በአጥሩ በኩል ተጣሩ። «ሮሚ! ምነው ዛሬ ያንቺ ሳጥን ተኛ?» መስመር ላይ ብልሽት ነው አልኩ። «ሁለቱም ባንዴ?» አሉ። አዎ፣ ባንዴ። «አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይሸከማል ስትዪኝ አልነበር? ኖርዌይ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይኼን ነው?» ብለው ሳቁና፣ እስከ ምሳ ሰዓት እንዳስተካክለው አዘዙኝ፤ ቅዳሜ አሹ ሱቁን ለረዳቱ ትቶ የሚደውልበት ቀን ነው። ዛሬ ደግሞ የሚያሳዩት ነገር አለ። «ነይ እስቲ፣ አንቺም እዪው» ብለው በትንሿ በር አስገቡኝ።

የሚያሳዩት ነገር ክፍል ነበር። ከግቢያቸው ጀርባ፣ አሮጌው ማድቤት ይቆም በነበረበት ቦታ፣ አሸናፊ ለገና ሲመጣ የሚያርፍበት። ቀለም ይሸታል። ግድግዳውን እሱ በስልክ የመረጠው ነው አሉ፤ የከተማችን ሐይቅ ጠዋት ላይ የሚመስለውን ዓይነት ውኃ ሰማያዊ። ኮርኒሱ ነጭ፣ አልጋው ላይ ፍራሹ ከነላስቲኩ፣ ከጎኑ መታጠቢያ ቤት፣ የቧንቧው አንገት ገና ወረቀቱ ያልተላጠ። ሴራሚኩ ላይ ካርቶን አንጥፈውበታል። «ጫማሽን ከካርቶኑ እንዳታወጪ፤ መጀመሪያ የሚረግጠው እሱ ነው» አሉኝ። ሴራሚኩን መሃል ከተማ በካሬ ሁለት መቶ ስልሳ ጠርተውባቸው በሁለት መቶ ሠላሳ አውርደውታል፤ ቀጣፊው ነጋዴ ግን ሁለቱን የተሰነጠቀ ሰጥቷቸው ነበር፣ ተመልሰው ሄደው ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብለው መዝሙር ሲጀምሩ ነው የቀየረላቸው። ይህን እየነገሩኝ ስልካቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ። ለመለማመድ ነው። «አሹዬ፣ ይኸው በሩ። ይኸው መስኮቱ፣ ወደ ጋሽ አሰፋ ግቢ ያያል። ይኸ መብራቱ ነው» ብለው ማብሪያውን ተጫኑ፤ መብራት ነበር። «ይኸ ደግሞ ሻወሩ፤ ሙቅ ውኃ ይኖረዋል፣ አሁን የለውም፣ አትሳቅ።» ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። «ይቺ ደግሞ ሮሚ ናት። መስመሩን ያበላሸችው። ባል አጥታ ከገመድ ጋር ስትታገል ትውላለች።» ስልኩ ውስጥ ማንም አልነበረም። እጄን አንሥቼ አውለበለብኩ፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ምሳ ሰዓት አለፈ። እትዬ ገበያነሽ መጠበቁ ሲያቅታቸው በቀጥታ ልደውልለት አሉ፤ ውድ ቢሆንም ሁለት ቃል ይበቃል። ካርድ ሊገዙ ወደ ፈትያ ሱቅ ሲወጡ ተከተልኳቸው። አስፋልቱ ዳር ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሥጋ ቤቱ በር ላይ እንደ ጡረተኛ ቆመዋል፣ ሁሉም ነገር እንደ ሌላው ቅዳሜ ነው፤ ሰላምታው ብቻ ተለውጧል። በቀን ሁለቴ የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ ዛሬ እጃቸውን በሁለት እጁ ይይዛል። ፈትያ እኛን ስታይ የሰው ሂሳብ መሀል ላይ አቋረጠች። «ካርድ የለም፣ እትዬ» አለች፣ ሳይጠየቅ። ከጀርባዋ ካርዶቹ በረድፍ ተንጠልጥለዋል።

«ያ የተሰቀለው ምንድን ነው?»

«እሱ… የተፋቀ ነው። ለጌጥ ነው።»

«ለጌጥ!» እትዬ ገበያነሽ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ሳቁ። «የተፋቀ ካርድ ለጌጥ የሚሰቅል ሱቅ! አንቺ ልጅ ገበያ ጠፍቶ አሳበደሽ እንዴ? በይ ቲማቲም መዝኚልኝ፤ እሱም ለጌጥ ካልሆነ።»

ፈትያ መዘነች። ከዚያ ሳትመዝን ሁለት እፍኝ ጨመረች፣ በላዩም ሽንኩርት። ፈትያ በሰፈሩ ምራቂ የማታውቅ ናት፤ እትዬ ገበያነሽ ዘንቢሉን አዩት፣ እሷን አዩአት። ስንመለስ እኔ ስለ ዓሣ ዋጋ የሆነ ነገር ጀመርኩ፤ አምባዛ ተወደደ፣ ቆሮሶም አይቀመስም። «ሰው ሁሉ ዛሬ ምን ነካው?» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ልነግራቸው ነበር፤ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ መሀል፣ ቲማቲም በእጃቸው ይዘው። ማን ሊይዛቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔ? እኔ ትከሻ ነክቶ ምድጃ አጥፍቶ ከመውጣት ሌላ ምን ተምሬአለሁ? አፌን ዘጋሁት። እስከዛሬም ፈሪነት ይሁን ርኅራኄ አልለየሁትም።

ግቢያችን በር ላይ ጋሪ ቆሞ ነበር። አባቴ የእድሩ ንብረት ኃላፊ ነው፤ ለነገ እንዲቀርብ ብሎ ከእድሩ ቤት አግዳሚዎቹን፣ ድንኳኑንና ብረት ድስቶቹን እያስወረደ ነው። እኛ ወደ ሱቅ የወጣንበትን ሰዓት መርጦ ነበር፣ ጋሪው ዘገየበት። እትዬ ገበያነሽ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቆሙ። የእድር ዕቃ በጋሪ ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው።

«ጋሽ አሰፋ፣ ማን ሞተ?»

አባቴ ድንኳኑን በትከሻው እንደተሸከመ ዞረ። በሕይወቴ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም፤ በስልክ ሲዋሸኝ አላየሁትማ። «ማንም። ቆጠራ ነው» አለ። «የዓመቱ የንብረት ቆጠራ።»

የእትዬ ገበያነሽ ፊት በራ። እኔ በማግስቱ ብዙ ነገር አየሁ፣ ብዙ ጩኸት ሰማሁ፤ የማልረሳው ግን ያንን የፊታቸውን መብራት ነው። «ታዲያ ቆጠራ ከሆነ አትናገሩም? የእድሩ ሳህን እኔ ጋ አለ! በሙሉጌጥ ለቅሶ ጊዜ ከእኔ ዕቃ ጋር ተደባልቆ ገብቶ፣ ሳልመልሰው ስንት ጊዜ ልቤን ሲበላው።» ቲማቲሙን እኔ ላይ ጥለው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ሳህኖቹን ታቅፈው ተመለሱ። ከዚያ ደግሞ ዓይናቸው ብረት ድስቶቹ ላይ አረፈ። ከታች ጥላሸት፣ ከውስጥ የቆየ የወጥ ዘይት። «ጉድ! እንዲህ አድርጋችሁ ነው የምትቆጥሩት? ነገ ሰው ቢሞት በዚህ ልታበሉ ነው?» አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ በርጩማ ሳቡ፣ አመድና ጭድ አስመጡኝ፣ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብለው ማጠብ ጀመሩ። አባቴ «ተዪው፣ ገበያነሽ፣ ተዪው» አለ፤ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። «ወንድ ስለ ድስት ምን ያውቃል» አሉኝና አንዱን ወደ እኔ ገፉት። ጎን ለጎን ተቀምጠን አጠብን። መዝሙር እያንጎራጎሩ፣ ጥላሸቱን በጥፍራቸው እየፋቁ፣ መሀል ላይ ደግሞ ገና ሲደርስ ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ድስት ከእድሩ እንደሚዋሱ ነገሩኝ፤ አሹ ሲመጣ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ይጠራሉ። ድስቶቹን አጥበው ሲጨርሱ ፀሐይ ላይ አፋቸውን ደፍተው ደረደሯቸው፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለውም አዩአቸው። «አሁን ቁጠሩት» አሉ።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል ሳሎናችን ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ገና ጥቁር ነበር። ሳጥኑን አዩት። «ሮሚ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀኝ ውሎ ተቀይሟል። አንድ ቃል ብቻ። ታምሜ እንዳይመስለው።» አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል። መስመሩን ብሰካው የእሳቸው ስልክ ሻማውን ከእኔ በፊት ያገኘዋል። እምቢ ልበላቸው ብዬ ነበር፤ እጃቸውን ሳየው አልቻልኩም። ስልካቸው እንዳይገባ የሳጥኑን ፓስወርድ ቀየርኩና የእኛን መስመር ብቻ ሰካሁ። «ትንሽ መጥታለች፤ ለአንድ ስልክ ብቻ ነው የምትበቃው» አልኳቸው። «በእኔ ስልክ ልጻፍልዎት።»

«ሮማን» አለ አባቴ።

ገመዱን ስዘረጋ አሸናፊ ከዚያ ሆኖ ሲያማክረኝ ስለነበር መልእክት የምንላላክበት ኢሞ ላይ ስሙ አለ። እትዬ ገበያነሽ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ሰው ፊት እንደሚናገር ቀና ብለው ተቀመጡ። እንዳሉት ጻፍኩ፣ አንድ ቃል ሳልነካ፦ «አሹዬ፣ መስመር ተበላሽቶ ነው፣ እንዳትቀየመኝ። ክፍሉ አልቋል። ሴራሚኩን ማንም አልረገጠውም። የምትመጣበትን ቀን ቁርጡን ንገረኝ፣ የማዘጋጀው አለ። ስትዘጋ በሩን ደርበህ ዝጋ። እናትህ።» ላክሁት።

እንደማይደርስ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሄዶ እዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። ደረሰ። ወዲያው ደግሞ ከሥሩ የታየ መሆኑን የሚናገረው ምልክት መጣ። ደርባን ውስጥ አንድ ሰው፣ ጓደኛው ይሁን ረዳቱ፣ የሞተውን ልጅ ስልክ በእጁ ይዞ የእናቱን መልእክት እያነበበ ነው።

«አየው?» እትዬ ገበያነሽ ተጠግተው ማያውን አዩ። «ይኸ ምልክት ማየቱ ነው አይደል? አሳይቶኛል እሱ ራሱ። አየው! ጌታ ይመስገን፣ አየው።» ተነሥተው የአባቴን ክንድ ያዙት። «ጋሽ አሰፋ፣ አይቶታል!»

ከዚያ ሰው እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ተንቀሳቀሱ፣ ቆሙ፣ ጠፉ። እንደገና ብቅ አሉ። ያ የማላውቀው ሰው ምን ሊጽፍ እንደፈለገ አላውቅም፤ እሱም እንደ እኛው እንዳይናገር ተነግሮታል መሰለኝ። ጠፉ።

«ሲቀየም እንዲህ ነው፤ ይጽፋል፣ ያጠፋል» አሉ እትዬ ገበያነሽ፣ ተመልሰው እየተቀመጡ። «ቁጭ በዪ። ንዴቱ ሲበርድለት ይመልሳል።»

ቁጭ አልኩ። አባቴም ከመስኮቱ መጥቶ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ስልኩን መካከላችን አድርገን፣ ማያው በጠፋ ቁጥር እትዬ ገበያነሽ በጥቁር ጣታቸው ነካ እያደረጉ እያበሩት ጠበቅን። ከደርባን ምንም አልመጣም።